ጳጉሜን ያልረሳች እናት

(መክፈቻ ሙዚቃ፦ ዋሽንት። ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ቀስ እያለ ይወርዳል።)

አቅራቢ፦   ከእርሻ ገብታችሁ እግራችሁን የምትታጠቡ፣ ለእራት ምድጃ የለኮሳችሁ፣ ቡና አቀራርባችሁ ጎረቤት የጠራችሁ፣ ዛሬ ሬዲዮኑን ትንሽ ከፍ አድርጉት። ልጆቹንም ጥሩልኝ፤ ጉዳዩ የእነሱም ነው።

(ድምፅ፦ እሳት ሲንቦገቦግ፣ ጭራሮ ሲሰበር።)

አቅራቢ፦ ይህን ድምፅ ታውቁታላችሁ፤ የየቤታችን ድምፅ ነው። አሁን አንዲት የ16 ዓመት ልጅ አስቡልኝ። መሽቷል። አባቷ ከብት ያስራል፣ እናቷ ጓሮ ናት። ልጅቷ ወጡን ልታማስል ምድጃው አጠገብ በርከክ ብላለች። ድንገት ዓይኗ ይፈዛል፣ ሰውነቷ ይገተራል፣ ወደ ፊት ትደፋለች። ከፊቷ ያለው እሳት ነው።

(ለአፍታ ዝምታ።)

አቅራቢ፦ እዚያ ቤት ውስጥ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? እስቲ እርስ በርስ ተጠያየቁ።

ነርስ ሆኜ በገጠር ጤና ጣቢያ በሠራሁባቸው ዓመታት ፊታቸው የተቃጠለ፣ ጣቶቻቸው የተጣበቁ ሰዎች አይቻለሁ። ስጠይቃቸው ከአንዳንዶቹ የሰማሁት አሁንም ያንገበግበኛል። ሲወድቁ ሰው በአጠገባቸው ነበረ። ያ ሰው ግን «አረፋው ይጋባል»፣ «የያዛት ወደ እኔ ይዞራል» ብሎ ፈርቶ ቆመ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ከልጅነቱ ጀምሮ የነገሩት ይህንኑ ስለሆነ ነው።

ስለዚህ የዛሬውን የመጀመሪያ ቃል አሁኑኑ ልንገራችሁ፦ የሚጥል በሽታ አይጋባም። በአረፋው አይጋባም። በምራቁ አይጋባም። በመንካት አይጋባም። አብሮ በመብላት፣ አብሮ በመተኛትም አይጋባም። የወደቀን ሰው ከእሳት ጎትታችሁ ብታወጡት እናንተን የሚይዛችሁ ነገር የለም።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ፦ አጭር።)

አቅራቢ፦ ለመሆኑ ይህ በሽታ ምንድን ነው? ሰውን ድንገት መሬት ላይ የሚጥለው ማነው?

የእድር ስብሰባ አስቡ። ሃምሳ ሰው ተቀምጧል። ዳኛው ተራ እየሰጠ አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል፤ ጉዳዩም ይቋጫል። አንድ ቀን ግን ነገር ይከርርና ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነሥቶ ይጮሃል። ማንም ማንንም አይሰማም። ስብሰባው ይረበሻል፣ ወንበር ይገለበጣል።

አንጎላችንም እንዲሁ ነው። በውስጡ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ። እርስ በርስ የሚነጋገሩት በጣም ትንሽ በሆነ ኤሌክትሪክ ነው። እጅን አንሳ፣ ዓይንን ግለጥ፣ ይህን አስታውስ እያሉ በተራ በተራ ይነጋገራሉ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው አንጎል ውስጥ አንዳንድ ጊዜ ብዙዎቹ በአንድ ጊዜ ይጮሃሉ። ያን ጊዜ ሰውዬው ራሱን ይስታል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴ ምላሱን ይነክሳል፣ ሽንቱም ያመልጠዋል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጩኸቱ ይበርዳል። ሰውየው ይደክመዋል፣ እንቅልፍም ይወስደዋል። ሲነቃ የሆነውን አያስታውስም።

የማይወድቁም አሉ። ትምህርት ቤት ቁጭ ብሎ ለጥቂት ሰኮንድ ፍዝዝ የሚል፣ ሲጠሩት የማይሰማ፣ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ የሚቀጥል ልጅ አይታችሁ ይሆናል። መምህሩ «ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነው» ብሎ ይቀጣዋል። ይህም የዚሁ በሽታ አንዱ መልክ ሊሆን ይችላል።

መነሻው ብዙ ነው። ምጥ ሲረዝም ሕፃኑ አየር ሊያጥረው፣ አንጎሉም ሊጎዳ ይችላል። ማጅራት ገትር፣ ወደ አንጎል የወጣ ወባ፣ ከዛፍ ወይም ከፈረስ ወድቆ ራስን መመታት፣ እነዚህ ሁሉ ጠባሳ ትተው ሊሄዱ ይችላሉ። በቤተሰብ የሚመጣም አለ። ብዙ ጊዜ ደግሞ ምክንያቱ ተፈልጎ አይገኝም። ምክንያቱ አልታወቀም ማለት ግን መድኃኒት የለውም ማለት አይደለም።

ብዙ ሰው አለበት? አዎ፣ ከምናስበው በላይ። በ1980ዎቹ የፈረንጆች ዘመን ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት እየዞሩ ወደ 60 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ አጥንተው ነበር። ከ1,000 ሰው ውስጥ 5 ያህሉ ይህ ሕመም እንዳለበት አገኙ። ወደ ቀበሌያችሁ አምጡትና ቁጠሩት። 5,000 ሰው ባለበት ቀበሌ 25 ሰው ማለት ነው። ሃያ አምስቱን ታውቋቸዋላችሁ? እኔ ስጠይቅ ሰዎች ሁለት ሦስት ይቆጥሩልኛል። የቀሩት ጓዳ ውስጥ ናቸው። በዚያ ጥናት ጊዜ ዘመናዊ መድኃኒት ይወስዱ የነበሩት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይሉ የለ አበው?

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ።)

አቅራቢ፦ አሁን ወደ ምድጃው እንመለስ። ልጅቷ ወድቃለች። ምን እናድርግ?

መጀመሪያ ከእሳቱ፣ ከውኃው፣ ከገደሉ አፋፍ አርቋት። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው። ቀጥሎ ጋቢ ወይም ነጠላ አጥፋችሁ ከራሷ ሥር አድርጉ። በጎኗ አስተኟት፤ ምራቋ ወደ ውጭ ይፈሳል፣ ትንፋሿም አይታፈንም። አንገቷን ያጠበቀ ነገር ካለ አላሉት። ከዚያ አጠገቧ ቁጭ በሉና ጠብቁ። መጠበቁ ራሱ እርዳታ ነው።

የማይደረገውስ? ክብሪት! ክብሪት ጭሮ ጭሱን ማስሸተት በብዙ ቤት የተለመደ ነው። «ክብሪት ሸተተውና ነቃ» ይባላል። አድማጮቼ፣ የነቃው ጩኸቱ በራሱ ጊዜ ስለበረደ ነው። ክብሪቱ ባይኖርም ይነቃ ነበር። የክብሪት ጭስ ይባስ ትንፋሽ ያውካል፤ እሳቱም ያቃጥላል። ክብሪቱን ለምድጃው ተዉለት።

ማንኪያ ወይም እንጨት በጥርሷ መካከል አታስገቡ፤ ጥርስ ይሰበራል፣ መንገጭላ ይጎዳል። እጅና እግሯን ጨምቃችሁ አትያዙ። ውኃ አታርከፍክፉ፤ በደንብ ሳትነቃም ውኃ ወይም ምግብ አታጉርሱ፤ ወደ ሳንባ ይገባል።

ሰዓት ያዙ። ስልክ ያለው ስልኩን ይመልከት። አብዛኛውን ጊዜ ከሁለትና ከሦስት ደቂቃ አያልፍም። 5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳትነቃ ደግሞ ከጣላት፣ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ይህ ነገ ይደረሳል የሚባል አይደለም። ቃሬዛ አውጡ፣ አምቡላንስ ጥሩ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ጣቢያ!

እስቲ ልጆች፣ እናንተን ልጠይቅ። አንድ የክፍል ጓደኛችሁ ቢወድቅ መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ?

(ለአፍታ ዝምታ።)

አቅራቢ፦ ጎበዞች። ከአደጋ ማራቅ፣ በጎኑ ማስተኛት፣ አጠገቡ መቆየት። ክብሪት? አይጫርም።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ፦ ክራር።)

አቅራቢ፦ እስካሁን የተናገርነው ስለ ወደቀችባት ደቂቃ ነው። ከባዱ ሌላ ቦታ ነው፤ ከባዱ ሳይጥላት በሚያልፉት ረጅም ወራት ውስጥ ነው። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው።

ወባ ሲይዘን ምን እናደርጋለን? ሦስት ቀን ክኒን እንውጣለን፤ ይለቀናል፤ ወደ ሥራችን እንሄዳለን። አብዛኛው የምናውቀው ሕመም እንዲህ መጥቶ የሚሄድ እንግዳ ነው። የሚጥል በሽታ፣ የስኳር ሕመም፣ የደም ግፊት ግን መጥተው ጎጆ የሚቀልሱ ናቸው። ለእንግዳ የምናደርገው ለጎረቤት አይሆንም። ከጎረቤት ጋር በየቀኑ መኗኗር ያስፈልጋል።

የሚጥል በሽታ መድኃኒት አለው። በገጠር ጤና ጣቢያዎቻችን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ፊኖባርቢታል ይባላል። ለዚህ ሕመም ማገልገል የጀመረው በፈረንጆች 1912 ነው፤ ከ100 ዓመት በላይ ሆኖታል። ዋጋው ርካሽ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚወሰደው በቀን አንድ ጊዜ፣ ማታ ከመኝታ በፊት ነው። ተገቢውን መድኃኒት ሳያቋርጡ ከሚወስዱ 10 ሰዎች 7 ያህሉ ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። ከ10 ሰው ሰባቱ! ልጅቷ ትምህርቷን ትቀጥላለች፣ ትነግዳለች፣ ታገባለች፣ ትወልዳለች።

መድኃኒቱ ምን ይሠራል? ዳኛውን አስታውሱት። ክኒኑ የስብሰባው ዳኛ ነው። ሕዋሳቱን ተራ ያስይዛቸዋል። ዳኛው እስካለ ድረስ ስብሰባው ሰላም ነው። ዳኛው ድንገት ጥሎ ቢወጣስ?

ይህን ጥያቄ ይዛችሁ ቀጣዩን ጭውውት ስሙልኝ። በጤና ጣቢያ የሰማኋቸውን ብዙ ንግግሮች አንድ ላይ አድርጌ ያዘጋጀሁት ነው።

(ድምፅ፦ የጤና ጣቢያ ግቢ፤ ሕፃን ሲያለቅስ፣ በር ሲከፈት።)

ነርስ፦ ደህና ዋሉ እናቴ? ይግቡ፣ ይቀመጡ። ልጅቷ ምን ሆነች?

እናት፦ ምን እነግርሻለሁ ልጄ፣ ትናንት ሌሊት ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ጣላት። ጎረቤት ተሸክሞ ነው ያመጣልኝ።

ነርስ፦ ክኒኑን እየወሰደች ነበር?

እናት፦ ስድስት ወር ሙሉ አንድ ቀን ጥሏት አያውቅም። ተሻላት አልን። እሷም «ድኛለሁ እማዬ፣ ክኒኑ ያፈዘኛል» አለች። ፍልሰታም ገባ፣ ጸበል ልንወስዳት ነውና ተውነው።

ነርስ፦ ከተዉት ስንት ቀን ሆነው?

እናት፦ አሥር ቀን ቢሆነው ነው። ምነው ሲስተር፣ በዚያው ጠፍቶ አልነበር እንዴ?

ነርስ፦ አልጠፋም እናቴ። ተይዞ ነው የቆየው።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ፦ ክራር፤ ይወርዳል።)

አቅራቢ፦ «ተሻለኝ»። ከዚህች ቃል ደስ የሚል ቃል የለም። ይህን ሕመም በተመለከተ ግን እንደዚህች ቃል ያስፈራኝ የለም። ተሻለኝ ማለት መድኃኒቱ እየሠራ ነው ማለት ነው። ሥራውን በደንብ የሚሠራ ዳኛ ታባርራላችሁ? ፊኖባርቢታል በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ ደግሞ በሽታው ከመድኃኒቱ በፊት ከነበረው ብሶ ሊመለስ ይችላል። ሳያቋርጥ ተደጋግሞ ይጥላል፤ ሰው እስከመግደል ይደርሳል። እናቲቱ ባወጋችን ሌሊት የሆነው ይኸው ነው።

እና እስከ መቼ ይወሰዳል? ዕድሜ ልክ ነው? ለአንዳንዱ አዎ። ለብዙዎች ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ምንም ሳይጥል ካለፈ ሐኪሙ ተመልክቶ ቀስ በቀስ ሊቀንሰው ይችላል። ሐኪሙ ነው የሚቀንሰው፤ እኛ አይደለንም። የሚቀነሰውም በወራት ነው። ደግሜ ልበል፦ ተሻለኝ ብለን አናቋርጥም።

ማፍዘዙስ? እውነት ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያፈዛል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል። ለብዙ ሰው እየቆየ ይለቃል። ካለቀቀ ለነርሷ ንገሩ፤ መጠኑ ይስተካከላል፣ ወይም ሌላ መድኃኒት ይታያል። ሰውነት ላይ ሽፍታ ከወጣ፣ በተለይ አፍ ከቆሰለ፣ ያኔ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሂዱ። አንድ ማታ ከተረሳ እንዳስታወሳችሁ ውሰዱ፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን ያለፈውን ተዉት፤ ሁለቱን በአንድ ላይ አትደርቡ። ክኒኑን ሕፃን ከማይደርስበት አኑሩት። ሕፃን ብዙ ከዋጠው ትንፋሹን ሊያቆም ይችላል።

አሁን ስለ ጸበሉ። እምነታችሁን ማንም አይነካባችሁም፤ እኔም በእምነት ያደግሁ ሰው ነኝ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በዘመናቸው ጸበል የሚጠመቁ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውንም አብረው እንዲወስዱ መምከራቸውን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። የሚጥል በሽታም እንደዚያው ነው። ጸበሉ በጠዋት ነው፣ ክኒኑ በማታ። ጾሙም አይጋጭም፤ ፍልሰታ ይሁን ሁዳዴ፣ ክኒኑ ከእራት በኋላ ይዋጣል። ሙስሊም አድማጮቼ፣ በረመዳንም ከኢፍጣር በኋላ መውሰድ ይቻላል። የንስሐ አባቶች፣ ሼኮች፣ የምታዳምጡኝ ከሆነ አንድ ልመና አለኝ፦ ወደ እናንተ የመጣን ሕመምተኛ «መድኃኒትህን ይዘሃል?» ብላችሁ ጠይቁልኝ። የእናንተ አንድ ጥያቄ ከእኔ አሥር ዝግጅት ይበልጣል።

እንቅልፍ ማጣት በሽታውን ይቀሰቅሰዋል። የሠርግ ሌሊት፣ የለቅሶ ቤት ማደር፣ ማሳ መጠበቅ፣ ለዚህ ሕመምተኛ ሌላ ሰው ይተካለት። አረቄም እንዲሁ፤ ከክኒኑ ጋር ከተገናኘ ትንፋሽ ያዳክማል።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ፦ አጭር።)

አቅራቢ፦ ለሴቶች አንድ ብርቱ ነገር አለኝ። በክንድ ሥር የሚቀበረውን የወሊድ መቆጣጠሪያ የምትጠቀሙ፣ ወይም በየቀኑ የሚዋጠውን የምትወስዱ፣ ስሙኝ። ፊኖባርቢታል፣ ፊኒቶይንና ካርባማዘፒን የእነዚህን መቆጣጠሪያዎች ጉልበት ይቀንሳሉ። «ተቀብሮልኝ እያለ አረገዝሁ» ስትል ሰው ያላመናት ሴት አለች፤ እውነቷን ነው። በየሦስት ወሩ የሚወጋው መርፌ ግን ከእነዚህ መድኃኒቶች ጋር ይስማማል። ስለዚህ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ «የሚጥል በሽታ መድኃኒት እወስዳለሁ» ብላችሁ ንገሯት። ማፈር የለም። መውለድ የምታስቡም ከማርገዛችሁ በፊት ንገሩ። ቫልፕሮኤት የተባለው መድኃኒት ለጽንሱ አደገኛ ስለሆነ በጊዜ መቀየር ይኖርበታል። በራሳችሁ ግን አታቋርጡት።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ፦ ዋሽንት።)

አቅራቢ፦ መድኃኒቱ ርካሽ ነው፣ ይሠራል ብለናል። ታዲያ ሰው ለምን ያቋርጣል? ሁሉም ተሻለኝ ብሎ ነው?

አይደለም። መንገዱ ነው የሚያደክመው። ለአንዲት ላስቲክ ክኒን የሦስት ሰዓት መንገድ በእግር ሄዶ፣ ተሰልፎ፣ ካርድ አስወጥቶ፣ መሽቶበት መመለስ። ያውም በየወሩ። ያውም በአዝመራ ወቅት። በጎንደርና በጅማ ዙሪያ ሐኪሞች ይህን አይተው ከዓመታት በፊት አንድ በጎ ነገር ሠርተዋል። የገጠር ጤና ጣቢያ ነርሶችን አሠልጥነው እንደ ሚጥል በሽታ፣ ስኳርና ደም ግፊት ያሉትን ሕመሞች እዚያው በቅርብ እንዲከታተሉ አደረጉ። ገበሬው ከተማ ድረስ መውረዱ ቀረለት። ነርስ፣ በደንብ ከሠለጠነችና መድኃኒት ካላት፣ ይህን ሥራ ትችለዋለች። እኔም ሠርቼዋለሁ።

መድኃኒት ካላት! እዚህ ላይ ልቤ የሚከብድበት ነገር አለ። በሠራሁበት አንድ ጤና ጣቢያ ክኒኑ ያለቀበት ጊዜ ነበር። አንድ አባት ልጁን አዝሎ ከሩቅ መጥቶ «የለም፣ በሚቀጥለው ሳምንት ና» ተባለ። ሳምንት! ዳኛ የሌለበት ሰባት ሌሊት። በቀበሌና በወረዳ ያላችሁ ኃላፊዎች ይህን እንድትሰሙኝ እፈልጋለሁ። የዚህ ሕመም መድኃኒት ሊያልቅ ሲል እንጂ ካለቀ በኋላ አይጠየቅም።

ቤተሰብስ ምን ያድርግ? ቀጠሮውን ከገበያ ቀን ጋር አገጣጥሙት፤ ነርሷን ለምኗት፣ ታደርገዋለች። ክኒኑ ሳያልቅ የሳምንት ትርፍ ይዛችሁ ሂዱ። ጤና ጣቢያው ከሌለው በዚያው ቀን የት እንደሚገኝ አስጠይቁ፤ እጃችሁን አጣምራችሁ አትመለሱ። ሐምሌና ነሐሴ ወንዝ ይሞላል። ሰኔ ላይ ሳላችሁ የሁለት ወይም የሦስት ወር ጠይቁ። ሕመሙ የተረጋጋለት ሰው ይህን መጠየቅ ይችላል።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ቦታ ደርሷል። መታወቂያችሁን በየዓመቱ አሳድሱ፤ ማደሻው እንዳያልፋችሁ። መክፈል ለማይችል የደሃ ደሃ መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራርም አለ፤ ቀበሌያችሁን ጠይቁ።

(ድምፅ፦ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል።)

አቅራቢ፦ አንዲት እናት ያስተማረችኝን ልንገራችሁ። ማንበብ አትችልም ነበር። ልጇ በየማታው አንድ ክኒን ይወስዳል፤ በወር 30 እንሰጣታለን። እሷም በቅዱሳን ቀን ትቆጥራለች። ቀጠሮዋ በየወሩ የሚካኤል ማግስት ነበር፤ አንድም ቀን አላሳለፈችም። ክኒኑን የምትሰጠው ላም አልባ፣ እራት አቅርባ፣ ልጁ እግሩን ሲታጠብ ነው። «እግርህን ታጠብህ?» ስትለው ክኒኑ በእጇ ነው።

በነሐሴ ቀጠሮዋ ላይ ክኒኑን ቆጥሬ ሰጠኋት። ተቀበለችኝ፣ ቆማ ቀረች። «ሲስተር፣ ጳጉሜንስ?» አለችኝ።

(ለአፍታ ዝምታ።)

አቅራቢ፦ ቁጠሩት አድማጮቼ። ወራችን 30 ቀን፣ ክኒኑ 30። ከመስከረም እስከ ነሐሴ ሒሳቡ አይዛነፍም፤ ሚካኤል ከሚካኤል ክኒኑ ይገጥማል። በነሐሴና በመስከረም መካከል ግን ጳጉሜ አለች፤ 5 ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ 6። በነሐሴ የተሰጠው 30 ክኒን መስከረም ሚካኤል ሳይደርስ ያልቃል። ያውም እንቁጣጣሽ ባለፈ በሳምንቱ ገደማ፣ መንገዱ ገና ጭቃ ሳለ፣ ወንዙም ሳይጎድል። በየዓመቱ መስከረም ላይ ጣለን ብለው የሚመጡ ሰዎች ይበዙብኝ ነበር። የበዓሉ ድካም፣ የእንቅልፍ ማጣት ነው እል ነበር። ከመካከላቸው ስንቱ ክኒን አልቆበት እንደነበር አሁን ሳስበው ያመኛል።

ከዚያ ዓመት ጀምሮ ነሐሴ ላይ 36 እየቆጠርሁ ሰጠሁ። የጤና ባለሙያዎች፣ እናንተም እንዲህ አድርጉልኝ። ወላጆች፣ ካልሰጧችሁ ጠይቁ። «ጳጉሜንስ?» በሉ።

(ሙዚቃ፦ ዋሽንት፤ ከንግግሩ በታች ይጀምራል።)

አቅራቢ፦ ምድጃውን ደግሞ ዛሬ ማታ ተመልከቱት። ሦስት ጉልቻ መሬት ላይ ከሆነ ዙሪያውን በጭቃ ከፍ አድርጉ፤ ወይም ዙሪያው የተከለለውን ምርጥ ምድጃ አስገቡ። የሚጥለው ሰው ብቻውን ወንዝ አይውረድ፣ ብቻውን ገደል አፋፍ ላይ ከብት አይጠብቅ። ከሥራ ሁሉ ግን አታግዱት። ይሸምን፣ ይረስ፣ ይማር። መምህራን፣ ከትምህርት ቤት አታስወጡት።

ለዛሬ ሳምንት ጥያቄ ትቼላችሁ ልሂድ። በቤታችሁ በየቀኑ የሚዋጥ መድኃኒት ያለ እንደሆነ፣ የሚጥል በሽታ ይሁን፣ የስኳር ይሁን፣ የግፊት ይሁን፣ ሰዓቱን የምታስታውሱት በምንድን ነው? በላም ማለብ ነው? በማታ ዜና? በአዛን? ጻፉልን፣ ወይም ለቀበሌያችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነግራችሁ ታድርስልን። የመጣልንን በሚቀጥለው ዝግጅት እናነበዋለን። ከዚያ ስለ እርግዝና በሰፊው እንነጋገራለን።

አሁን መሽቷል። ክኒን ያለበት ሰው ሰዓቱ ደርሷል፤ ውኃ አምጡለት። ደህና እደሩ።

(ሙዚቃው ከፍ ይላል፤ ይጠፋል።)